ብየዳው ቆሞ ጎኑ ለምን ይሰበራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ፍሪክሽን ስተር ዌልዲንግ ናቸው። ለማያውቁት ባጭሩ፦ ብረቱ ሳይቀልጥ የሚበየድበት ዘዴ ነው። ሰፊ ትከሻና ከትከሻው ሥር የሚወጣ አጭር ፒን ያለው መሣሪያ እየተሽከረከረ በሁለት ሳህኖች መገጣጠሚያ ላይ ይጫናል። በሰበቃው ሙቀት አልሙኒየሙ እንደ ገንፎ ይላላል፤ መሣሪያው እያማሰለው ያልፋል። በ1991 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ አቅራቢያ ባለው ቲደብሊውአይ በተባለ የብየዳ ምርምር ተቋም ተፈለሰፈ፤ ዛሬ የሮኬት ነዳጅ ታንክና የባቡር አካል ይበየድበታል።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ሥራዬ 6 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው 6061-ቲ6 አልሙኒየም (ማግኒዥየምና ሲሊከን ያለው፣ በሙቀት ሕክምና የጠነከረ ዓይነት) በደቂቃ 1000 ዙርና በደቂቃ 100 ሚ.ሜ ጉዞ በየድኩ። ዋናው ብረት ሲሳብ 310 ሜጋፓስካል ጫና ሲችል ብየዳው 205 ላይ ተበጠሰ። ሁሉም ናሙናዎች የተሰበሩት ከመሃሉ ሳይሆን ከጎኑ ነው። በማይክሮስኮፕ ሳየው መሃሉ ላይ ያለው ግሬይን (ብረቱ የተሠራበት ክሪስታል) እጅግ ደቃቅ ነው። ታዲያ መጠንከር አልነበረበትም? አማካሪዬ ዙሩን ጨምር ይሉኛል።
*የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ፣ ከአዳማ*

መልስ፦ ብየዳዎ አልከሸፈም። 205 ለ310 ሲካፈል 66 በመቶ ነው፤ በቲ6 ሁኔታ ለተበየደ 6061 ይህ የተለመደ ውጤት ነው። ከመሃሉ ውጭ መሰበሩም ማማሰሉ በደንብ እንደሠራ ይመሰክራል። ቀዳዳ ወይም ያልተጣበቀ ቦታ ቢኖር ኖሮ ስንጥቁ እዚያው ይጀምር ነበር።

የደቃቅ ግሬይን ነገር ብዙዎችን ያሳስታል። መሣሪያው ባለፈበት ነጌት በሚባለው ክፍል ብረቱ በሙቀትና በጫና ብዛት አዲስ ግሬይን ያበቅላል፤ መጠኑም ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 10 ማይክሮን ነው። ይሁን እንጂ 6061 ጥንካሬውን በዋናነት የሚያገኘው ከግሬይን መጠን አይደለም። በቲ6 ሕክምና ጊዜ ማግኒዥየምና ሲሊከን ተዋህደው በብረቱ ውስጥ የሚሠሯቸው፣ ውፍረታቸው ጥቂት ናኖሜትር የሆነ መርፌ መሳይ ቅንጣቶች አሉ። ጥንካሬው የእነሱ ነው፤ የብየዳው ሙቀት የሚያጠፋውም እነሱን ነው።

አጠፋፉ ግን በየቦታው ይለያያል። ነጌቱ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚደርስ ቅንጣቶቹ አብዛኞቹ ሟሙተው ወደ ብረቱ ይመለሳሉ። ሲቀዘቅዝ የሟሟው ማግኒዥየምና ሲሊከን በክፍሉ ሙቀት ቀስ በቀስ እንደገና መሰባሰብ ስለሚጀምር ነጌቱ ከጥንካሬው ጥቂቱን በራሱ ጊዜ ያስመልሳል። ከጎኑ ያለው፣ ፒኑ ያልነካውና ሙቀት ብቻ የደረሰው ዞን ዕጣው የከፋ ነው። እዚያ ሙቀቱ ቅንጣቶቹን ለማሟሟት አይበቃም፤ ለማወፈር ግን ይበቃል። የወፈሩና የተራራቁ ቅንጣቶች ጫናን አያግዱም፤ ማግኒዥየሙና ሲሊከኑም እዚያው ታስሮ ስለሚቀር ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ነገር የለም። ናሙናዎችዎ የተሰበሩት እዚህ ነው።

ይህን በዓይንዎ ለማየት የሃርድነስ (ብረቱ መወጋትን የሚቋቋምበት አቅም) መስመር ይሥሩ። ብየዳውን አቋርጠው ይቁረጡ፣ ያለስልሱ፣ ከውፍረቱ አጋማሽ ላይ በ100 ግራም ጭነት በየ0.5 ሚ.ሜ ይውጉ። ከመሃሉ ግራና ቀኝ 20 ሚ.ሜ ድረስ ቢሄዱ ያልተነካው ብረት ላይ ይደርሳሉ። የሚያገኙት ቅርጽ ድርብ ሸለቆ ነው፦ ዳር ላይ 105 ቪከርስ (የሃርድነስ መለኪያ) አካባቢ፣ ከዚያ ከመሃል መስመሩ በግምት ከ8 እስከ 12 ሚ.ሜ ላይ ወደ 60 እና 70 የሚወርድ ጉድጓድ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ወደ 75 እና 85 የሚመለስ ጉብታ። ናሙናው ከተሰበረበት ርቀት ጋር ያስተያዩት፤ ይገጥማል። አንድ ጥንቃቄ፦ ዛሬ በይደው ዛሬ የለኩትን ከሦስት ሳምንት በኋላ ከለኩት ጋር አያወዳድሩ፤ ነጌቱ እስከዚያ ጠንክሯል። ሁሉንም ናሙና ከተበየደ ከእኩል ቀን በኋላ ይለኩ።

እንግዲህ ዙሩን መጨመር? አማካሪዎን በአክብሮት እንቃወማለን። ጉዞው ሳይፈጥን ዙር መጨመር ሙቀት መጨመር ነው፤ ለስላሳው ዞን ይሰፋል። የሚሻለው ዙሩን እንዳለ ትቶ ጉዞውን ወደ 150፣ ከዚያ ወደ 200 ሚ.ሜ በደቂቃ ማሳደግ ነው። ብረቱ በሙቀት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል፣ ጉድጓዱም ይጠባል።

ከብየዳ በኋላ በ175 ዲግሪ ለ8 ሰዓት ምድጃ ውስጥ ማቆየት ነጌቱን በደንብ ያነሳዋል፤ ለስላሳውን ዞን ግን እምብዛም አይረዳውም። ስለዚህ የሃርድነሱ መስመር አምሮ ቴንሳይሉ (ተስቦ እስኪበጠስ የሚችለው ጫና) ብዙም ላይጨምር ይችላል፤ በዚህ አይደናገጡ። ብረቱን የመምረጥ ዕድል ካለዎት በቲ4 ሁኔታ (በምድጃ ገና ሳይጠነክር) ገዝተው ይበይዱና ያንኑ ሕክምና ከብየዳ በኋላ ይስጡት። ጎኑ ገና ቅንጣት ስላልሠራ የሚያጣው ጥቂት ነው። መላውን ሳህን በ530 ዲግሪ አሟሙቶ ውኃ ውስጥ መንከር በወረቀት ላይ ሁሉንም ይፈታል፤ በተግባር ሳህኑ ይጣመማል፣ የነጌቱ ደቃቅ ግሬይንም አንዳንዴ ባንድ ጊዜ አድጎ በዓይን እስኪታይ ይገዝፋል።

ሪፖርቱ ላይ ስለ መለጠጥ ሲጽፉም ይጠንቀቁ። በ50 ሚ.ሜ መለኪያ ርዝመት የሚያገኙት ትንሽ ቁጥር ብረቱ ተሰባሪ ሆነ ማለት አይደለም። ሁለቱ ለስላሳ ሸለቆዎች ብቻ ሲለጠጡ የተቀረው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ አማካዩ ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በወርክሾፓችን ቨርቲካል ሚሊንግ ማሽን 6 ሚ.ሜ አልሙኒየም እንበይዳለን፤ በደቂቃ 710 ዙር፣ ጉዞው 160 ሚ.ሜ። ላዩ ያምራል። ሲቆረጥ ግን በግራ በኩል ወደ ታች አካባቢ የክብሪት እንጨት የሚያስገባ ቀዳዳ ከዳር እስከ ዳር አለው። ፒናችን ለስላሳ ሲሊንደር ነው። በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ ፒኑ ውስጥ ተይዞ ይቀራል፤ ሁለት ሰበርን።
*የወርክሾፕ ኃላፊ*

መልስ፦ የላይኛው ጠያቂ ሙቀት በዝቶበት፣ እርስዎ አንሶብዎት። ያልበሰለ ገንፎ ጓል እንደሚቋጥር ሁሉ በደንብ ያልላላ አልሙኒየም ፒኑ ወደ ኋላ የተወውን ክፍተት ዞሮ አይሞላም። ቀዳዳው በግራ የሆነበት ምክንያት አለ። መሣሪያው ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ እየዞረ ወደ ፊት ሲሄድ በግራ በኩል ያለው ጠርዙ ከጉዞው ጋር ባንድ አቅጣጫ ይሮጣል። ይህን ገፊ ጎን እንበለው። ብረቱ ከዚህ ጎን ተገፍቶ በፒኑ ጀርባ ዞሮ መመለስ አለበት፤ ጉልበት ወይም ሙቀት ካጠረው የመጨረሻው ባዶ ቦታ የሚቀረው እዚያው ነው።

በእርስዎ ቁጥር መሣሪያው በአንድ ዙር 0.225 ሚ.ሜ ይጓዛል። ለለስላሳ ፒን ይህ ብዙ ነው። በመጀመሪያ ጉዞውን ወደ 70 ወይም 80 ዝቅ ያድርጉና ይቁረጡት። ቀዳዳው ከጠበበ መንስኤው ተገኘ። ካልጠበበ ደግሞ የትከሻው መጫን ነው የሚጠረጠረው፤ ሚሊንግ ማሽን ጫናን አይቆጣጠርም፣ ከፍታን ብቻ ይይዛል። አልሙኒየሙ ሲገፋው ስፒንድሉም (መሣሪያውን የሚያሽከረክረው ዘንግ) ጠረጴዛውም በትንሹ ይሸሻሉ፤ መደወያው ላይ 0.2 ያስገቡት 0.05 ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የመሣሪያውን ዱካ ያስተውሉ፦ ስፋቱ ከትከሻው ዲያሜትር ከጠበበ ትከሻው ሙሉ በሙሉ አልነካም ማለት ነው።

ለ6 ሚ.ሜ ሳህን የምንመክረው መሣሪያ ይህ ነው። ኤች13 የተባለ የመሣሪያ ብረት በቶርኖ ይሠራና በሙቀት ሕክምና እስከ 50 ሮክዌል ሲ (ሌላ የሃርድነስ መለኪያ) አካባቢ ይጠነክራል። የትከሻው ዲያሜትር 18 ሚ.ሜ ነው፤ ፊቱ ጥቂት ወደ ውስጥ የጎደጎደ ይሁን። ፒኑ 6 ሚ.ሜ ስፋትና 5.8 ሚ.ሜ ርዝመት ይኖረዋል። ጥርስ ያውጡለት፤ የግራ ጥርስ መሆን አለበት። በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር የግራ ጥርስ ብረቱን ወደ ታች ይነዳል። የቀኝ ጥርስ ካወጡለት ወደ ላይ ይቀዳዋል፣ ቀዳዳውም ይብሳል። የማሽኑን ራስ 2 ወይም 2.5 ዲግሪ ወደ ኋላ ያዘንብሉት፤ ከኋላ ያለው የትከሻ ጠርዝ ወርዶ ብረቱን ይጠቀጥቃል።

ሳህኖቹ መሃል ክፍተት መኖር የለበትም፤ የግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት የሚሞላው ብረት ከየትም አይመጣም፣ ቀዳዳ ሆኖ ይወጣል። ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም በቡሎን ይጥበቁ፤ ፒኑ ሲገባ ሳህኖቹን ይገነጥላል። ከሥር ወፍራም የብረት ሳህን ይነጠፍ። ፒኑ ከገባ በኋላ ጉዞ ከመጀመርዎ በፊት ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ባለበት ይዙር። ያለዚህ ቆይታ ቀዝቃዛ ብረት ውስጥ መጓዝ ፒን መስበር ነው።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ዳግም አያስነሱት፤ ሁለቱን ፒን የሰበረው እሱ ነው። ኮሌቱን (መሣሪያውን የጨበጠውን መያዣ) ይፍቱ፣ መሣሪያውን ሳህኑ ውስጥ ትተው ስፒንድሉን ያንሱ። መሣሪያውን ከነቁራጩ በመጋዝ አውጥተው ኮስቲክ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ይተዉት፤ አልሙኒየሙን ይበላዋል፣ ብረቱን አይነካም። አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ከእሳት ርቀው ያድርጉት፣ የሚወጣው ሃይድሮጅን ነው። ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ 6061ን በኬለር መፍትሔ (ግሬይን እንዲታይ የብረቱን ፊት በሚበላ አሲድ) ባጠቆርም ግሬይን አይታየኝም። ጊዜውን ባረዝም ይጠቅማል?
*የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን*

መልስ፦ አይጠቅምም፤ ነጠብጣብ ብቻ ያበዛሉ። ኬለር መዳብ ለበዛባቸው እንደ 2024 ላሉ አልሙኒየሞች ድንቅ ነው፣ ለ6061 ግን ደካማ ነው። የዌክን መፍትሔ ይሞክሩ፦ 100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ፣ 4 ግራም ፖታሺየም ፐርማንጋኔት፣ 1 ግራም ኮስቲክ ሶዳ። ናሙናው ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ውስጡ እየተንቀሳቀሰ ይቆይ፤ ቡናማ ቀለም ሲይዝ ወዲያው በውኃ፣ ከዚያ በአልኮል ይጠብ። ግሬይኖቹ በየአቅጣጫቸው የተለያየ ቀለም ይዘው ይወጣሉ፤ የነጌቱም ቀለበቶች እንደ ሽንኩርት ተደራርበው ይታያሉ። የቀለበቶቹን ርቀት ቢለኩ መሣሪያው በአንድ ዙር ከተጓዘው ርቀት ጋር ይቀራረባል፤ የተመዘገበውን የጉዞ ፍጥነት ማጣሪያም ይሆናል።

ቀለሙ እንዲወጣ ግን ማለስለሱ ፍጹም መሆን አለበት። በብርጭቆ ወረቀት እስከ 1200፣ በዳይመንድ 3 ከዚያም 1 ማይክሮን፣ መጨረሻ ላይ በኮሎይዳል ሲሊካ። ጭረት ከቀረ ቀለሙ ጭረቱን ያጎላዋል። ሌላው ጥቅም ይህ መፍትሔ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ የለበትም፤ ኬለር አለበት። ኬለር የግድ ከሆነ ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል (ለዚህ አሲድ ቃጠሎ የሚቀባ መድኃኒት) በእጅ ርቀት ሳይኖር ጠርሙሱን አይክፈቱ።

ጥያቄ፦ ኤክስሬይ ንጹህ ያለው ብየዳ ሲታጠፍ ከሥሩ ተሰነጠቀ። እንዴት?
*የጥራት ተቆጣጣሪ*

መልስ፦ ሥሩ ላይ ሁለቱ ፊቶች ተነካክተው ሳይጣበቁ ቀርተዋል። ክፍተት ስለሌለ ኤክስሬይ የሚያየው ነገር የለም፤ ቴንሳይልም ቢሆን አንዳንዴ ያሳልፈዋል፣ በተደጋጋሚ ጫና ግን ይከፈታል። ዋናው ምክንያት የፒን ርዝመት ነው። ከፒኑ ጫፍ እስከ ታችኛው ፊት 0.1 ወይም 0.2 ሚ.ሜ ብቻ መቅረት አለበት፤ የሳህኑ ውፍረት ከቦታ ቦታ 0.2 ከተለያየ ይህ ህዳግ አለቀ። ሳህኑን በማይክሮሜትር በየ100 ሚ.ሜ ይለኩት። ሁለተኛው ምክንያት የቆየ ኦክሳይድ ነው፤ ጠርዞቹን ከመበየድዎ ጥቂት ቀደም ብለው በስቴይንለስ ብሩሽ ይፈግፍጉና በአሴቶን ይጥረጉ። ሥሩን ወደ ውጭ አድርጎ ማጠፍ ለዚህ ጉድለት ከሁሉ የረከሰና የማይዋሽ ፍተሻ ነው፤ ከእያንዳንዱ ብየዳ መጀመሪያና መጨረሻ 50 ሚ.ሜ ጥለው ናሙናውን ከመሃል ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ የአልሙኒየም በርና መስኮት እንሠራለን። ማእዘኑን በዚህ ዘዴ ብንበይድስ?
*ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ አይሆንም። የመስኮት ፕሮፋይል ግድግዳው ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም፣ ውስጡም ባዶ ነው። ትከሻው በብዙ መቶ ኪሎ የሚቆጠር ጫና ሲያሳርፍበት ከውስጥ የሚደግፈው ስለሌለ ይጨማደዳል። በማእዘን ማያያዣና በብሎን መቀጠሉ ይሻልዎታል።