የስፌት ጥያቄና መልስ፦ ከተረፈ ሸማ፣ ጥለትና ቁርጥራጭ ጨርቅ

ጥያቄ፦ የሀበሻ ቀሚስ አሰፍቼ ጥቂት ሸማ ተርፎኝ ነበር። ሽብሽብ የፀጉር ላስቲክ ብሰፋበት ከሁለት አጠባ በኋላ ጠርዙ እየተተረተረ ስፌቱ ለቀቀ። ችግሩ ክሩ ነው ወይስ መኪናው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱም አይደሉም። የሸማ ማግ በእጅ የተፈተለ፣ ልል ክር ነው፤ ሽመናውም ሳሳ ይላል። በመቀስ ሲቆረጥ ጠርዙን አጥብቆ የሚይዘው ነገር የለም። ለፋብሪካ ጨርቅ ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ መስፋት ይበቃል፤ በሸማ ግን ያቺ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ተተርትራ ታልቅና ስፌቱ የሚይዘው ያጣል።

ሥራው ከመቁረጥ በፊት ይጀምራል። ጨርቁን ለብ ባለ ውሃ ነክረው ያድርቁት፤ ጥጥ ስለሆነ ይሰበሰባል፣ ከተሰፋ በኋላ ከሚሰበሰብ አሁን ይሰብሰብ። ባለ ቀለም ጥለት ካለበት ግን ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ አስቀድመውም በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫፉን አሸት አድርገው ቀለም መልቀቅ አለመልቀቁን ይዩ። ከዚያ የሚቆርጡበትን መስመር በደረቅ ሳሙና ስባሪ ያስምሩ። ከመስመሩ ግራና ቀኝ 3 ሚሊ ሜትር እየራቁ በደቃቅ ስፌት፣ የመኪናውን የስፌት ርዝመት 1.5 ላይ አድርገው፣ ሁለት መስመር ይስፉ። መቀሱን በሁለቱ መካከል ያሳልፉ። ጠርዙ የትም አይሄድም።

ልኩ 12 በ50 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ፣ ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ ነው። ጨርቁን ፊቱን ወደ ውስጥ አድርገው በቁመቱ ይጠፉና ከጠርዙ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገብተው ይስፉ፤ ነገር ግን ከሁለቱም ጫፍ 4፣ 4 ሴንቲ ሜትር ሳይሰፋ ይቅር። በመርፌ ቁልፍ ስበው ይገልብጡት። ሁለቱን ጫፎች ፊት ለፊት ገጥመው ሲሰፉ ቀለበት ይሆናል፤ በጎኑም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይቀራል። ላስቲኩን በዚያ ያስገቡ፣ ጫፎቹን 1.5 ሴንቲ ሜትር ደርበው ሦስት ጊዜ ይመላለሱበት። ብዙ ሰው ላስቲኩን ቋጥሮ ያልፋል፤ ቋጠሮ ይፈታል፣ ባይፈታም እጅ ላይ ይጎረብጣል። ክፍቱን በእጅ ስፌት ይዝጉት።

ወርቀ ዘቦ ያለበትን ጥለት ለዚህ ባይጠቀሙበት እንመርጣለን። ፀጉር ይይዛል፣ ይነጫል።

ጥያቄ፦ ለሦስት ዓመት ልጄ ከእኔ ቀሚስ ጥለት ጋር የሚሄድ ቢራቢሮ ክራባት ሰፋሁ። መሐሉ ጉብ ያለ እብጠት ሆነ፣ ክንፎቹም ወደ ታች ይወድቃሉ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እብጠቱ የመጣው ጥለቱን ከፊትም ከኋላም፣ ምናልባትም ለመሐሉ ማሰሪያ ጭምር ስለተጠቀሙበት ነው። ጥለት ወፍራም ነው፤ የፊት ገጽ ብቻ ይሁን። ከጥለቱ 19 በ6.5፣ ከስስ ፖፕሊን ደግሞ ያንኑ ልክ ይቁረጡ። በካውያ የሚጣበቀውን ማጠንከሪያ ፖፕሊኑ ላይ ብቻ ይለጥፉ፤ ክንፉን የሚያቆመው እሱ ነው። ሁለቱን ረጃጅም ጎኖች 1 ሴንቲ ሜትር ገብተው ይስፉ፣ ይገልብጡ፣ ጫፎቹን ከኋላ 2 ሴንቲ ሜትር ደርበው ይስፉ። 8.5 በ4.5 የሆነ ክራባት ይወጣል። መሐሉን በክር ሰብስበው አምስት ስድስት ዙር ጠምጥመው ይቋጥሩ። የመሐሉ ማሰሪያ ከፖፕሊን ወይም ከተራው ሸማ፣ 5 በ7 ይበቃል።

ካውያውን ሲጠቀሙ ወርቀ ዘቦው ላይ በቀጥታ አያሳርፉት፤ የሚያብለጨልጨው ክር አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክነት ስላለው ይኮማተራል። ሙቀቱን ዝቅ አድርገው፣ በጥጥ ጨርቅ ሸፍነው፣ ከጀርባው ይተኩሱ።

ለሕፃን አንገት የሚታሰር ገመድ ወይም ጠባብ ላስቲክ አይሁን። ከኋላ ቬልክሮ ያድርጉለት፤ አንድ ነገር ቢይዘው ራሱ ይላቀቃል።

ጥያቄ፦ ከሳቲን ቁርጥራጭ የሰፋሁት የራስ ማሰሪያ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ይወልቃል። ላስቲኩን ባሳጥር ደግሞ ራስ ያማል። (ከጅዳ)

መልስ፦ አያሳጥሩት። ሳቲን በፀጉር ላይ ይሸሻል፤ ከውስጥ በኩል የጥጥ ገበር ያድርጉለት። የራስዎ ዙሪያ 56 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የፊቱ ክፍል ተሰፍቶ 42፣ የኋላው ላስቲክ 11፣ በድምሩ 53 ይሁን። ላስቲኩ ከ2 ሴንቲ ሜትር ባይጠብ ይሻላል፤ ቀጭኑ ከጆሮ ጀርባ ይቆረቁራል። ሌላም አለ፦ ላስቲኩን የሚያለብሱት ጨርቅ ከላስቲኩ ጋር እኩል ከሆነ ላስቲኩ የሚለጠጥበት ቦታ የለውም፣ የሚያምዎም ለዚህ ይሆናል። ለ11 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ 20 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ያልብሱት።

ጥያቄ፦ ምን ያህል ትንሽ ቁራጭ ነው ሊቀመጥ የሚገባው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ 6 በ6 ሴንቲ ሜትር። ከእሱ ባለ 3 ሴንቲ ሜትር ቁልፍ አልብሰው ጉትቻ ይሠሩበታል፦ ክብ ይቁረጡ፣ ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው ዙሪያውን በእጅ ይስፉ፣ ቁልፉን መሐል አስቀምጠው ክሩን ይሳቡ። ጨርቁ ስስ ከሆነ ቁልፉ ያሳያልና ከሥር ሌላ ይደርቡበት። ጆሮዋ ለሚቆጣባት መንጠቆው ኒኬል የሌለበት ይሁን። ከዚያ ያነሰው ቁራጭ ለመርፌ መሰኪያ ትራስ መሙያ ይሆናል።