መልስ፦ ሲሊኮን ሲሳሳ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ለምን ይቀንሳል?
የጠየቁት፣ የኮምፒውተር ቺፖች የሚሠሩበት ሲሊኮን እጅግ ሲሳሳ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ለምን እንደሚቀንስና አልማዝ መደረብ ችግሩን ይፈታ እንደሆነ ነው። በሲሊኮን ውስጥ ሙቀትን በዋናነት የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች ሳይሆኑ ፎኖን የሚባሉት የአቶሞች የንዝረት ሞገዶች ናቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሳይጋጩ ከ100 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) በላይ ስለሚጓዙ፣ የንጣፉ ውፍረት ከዚህ ርቀት ሲያንስ ከላይና ከታች ካለው ገጽ ጋር እየተላተሙ ጉዟቸው ያጥራል። በመሆኑም በተለመደው የክፍል ሙቀት በሙቀት ማስተላለፍ አቅም መለኪያ በሜትር በኬልቪን 148 ዋት ገደማ የሚያስተላልፈው ሲሊኮን፣ ውፍረቱ ወደ 20 ናኖሜትር ሲወርድ የዚህን ሩብ እንኳ አያስተላልፍም።

አልማዝ በዚሁ መለኪያ 2,000 ዋት ገደማ ስለሚያስተላልፍ ምርጫዎ ተገቢ ነው። ሆኖም በእኔ እይታ ከባዱ ፈተና ያለው በአልማዙ ውስጥ ሳይሆን ሁለቱ ቁሶች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው፤ የአልማዝ አቶሞች የንዝረት ድግግሞሽ ከሲሊኮን እጅግ ስለሚበልጥ ከፎኖኖቹ ብዙዎቹ ድንበሩን ሳያልፉ ወደ መጡበት ይመለሳሉ። በ2018 በሙከራ 1,000 ዋት ገደማ እንደሚያስተላልፍ የተረጋገጠው ቦሮን አርሰናይድ (የቦሮንና የአርሰኒክ ውህድ) ትኩረት የሳበውም፣ ከአልማዝ ቢያንስም በድንበሩ ላይ የሚፈጥረው እንቅፋት አነስተኛ በመሆኑ ጭምር ነው።