ቃጫና ፖሊስተር ሬዚን፦ አረፋው ከየት ይመጣል?

ሰላም ወንድሜ። ከደብረ ማርቆስ የጠየቅኸው በቃጫና በፖሊስተር ሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) የሠራኸው ጠፍጣፋ ለምን አረፋ እንደያዘ፣ ሲሰበርም ክሩ ለምን ሙልጭ ብሎ እንደሚወጣ ነው። ክሩ ሳይበጠስ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ሬዚኑ አልያዘውም ማለት ነው። ሬዚን አትቀይር፣ ጣጣው ያለው ቃጫው ላይ ነው።

የቃጫ ላዩ ሰም መሰል ነገር አለው፤ ሬዚኑ እንዳይይዘው የሚያደርገው እሱ ስለሆነ በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል። 50 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ወደ 950 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ እያልክ ጨምር። ውሃውን ሶዳው ላይ እንዳታፈስ፣ ይፈናጠራል። ጓንትና መነጽር አድርግ፤ ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፣ አሉሚኒየም ድስት ይበላል። ቃጫውን ከ2 እስከ 4 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ዘፍዝፈህ ማሙለጭለጩ እስኪጠፋ እጠበው፤ በመጨረሻው ውሃ ላይ ትንሽ አቼቶ ጠብ አድርግ። ይጠንክርልኝ ብለህ አታሳድረው፣ ክሩ ይደክማል።

አረፋው በአብዛኛው እርጥበት ነው። በጎጃም ክረምት ሲዳሰስ ደረቅ የሚመስል ቃጫ ከክብደቱ 10 በመቶ ገደማ ውሃ ሊይዝ ይችላል። በ80 ዲግሪ ምድጃ እያደረቅህ በየሰዓቱ መዝነው፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም በላስቲክ አሽገህ አቀዝቅዘውና በዚያው ቀን ተጠቀምበት።

ክሩን በ3 ሴንቲ ሜትር ቁረጥ። በእጅ ለሚሠራ ሥራ ከጠቅላላው ክብደት ከ20 እስከ 25 በመቶ ቃጫ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሬዚኑ አዳርሶ አያረጥበውም። ሃርድነር (ሬዚኑን የሚያጠነክረው ፈሳሽ) ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 15 ግራም። በማርቆስ ብርድ አልደርቅ ካለህ ሃርድነር ከማብዛት ክፍሉን ማሞቅ ይሻላል፣ ግን በከሰል አይደለም፤ የሬዚኑ ትነት እሳት ይይዛል። ኮባልት (መጠንከሩን የሚያፋጥን ፈሳሽ) ለብቻው የምትጨምር ከሆነ ቀድመህ ሬዚኑ ውስጥ አማስለው። ከሃርድነር ጋር በቀጥታ ከተገናኘ ይፈነዳል።