ቀጣሪ የሌለው ወጣት የጤና መድን ከየት ያገኛል?

ጥያቄ፦ የ25 ዓመት ወጣት ስሆን በድሬዳዋ ከተማ ሳቢያን አካባቢ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ከጓደኛዬ ጋር ከዚራ በከፈትናት አነስተኛ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ስለምተዳደር ቀጣሪም ሆነ ቋሚ ደመወዝ የለኝም። ባለፈው ዓመት ደንጊ የተባለው የትኩሳት በሽታ ይዞኝ በአንድ የግል ክሊኒክ ለምርመራና ለመድኃኒት ያወጣሁት ገንዘብ የቤት ኪራዬን አናግቶብኛል። ሐረር የሚኖሩት ወላጆቼ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ቢኖራቸውም ስሜ በደብተሩ ላይ የለም። ከኢንሹራንስ ኩባንያ ለራሴ ብቻ የጤና መድን ብገዛ ይሻለኛል ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

መልስ፦ በመጀመሪያ የወላጆችዎን ደብተር እንተወው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነት በቤተሰብ ደረጃ የሚያዝ ሲሆን በመሠረታዊው መዋጮ የሚካተቱት ባልና ሚስት፣ እንዲሁም ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ዕድሜው ከዚያ ያለፈ ልጅ አብሮ የሚኖር ከሆነ በተጨማሪ ክፍያ ሊታከል ይችላል፤ እርስዎ ግን በሌላ ከተማ ራስዎን ችለው ስለሚኖሩ በዚያ በኩል የሚጠብቁት ነገር አይኖርም።

ወደ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ስንመጣ፣ የመንግሥቱም ሆኑ የግሎቹ የሕክምና መድንን በዋናነት የሚሸጡት ሠራተኞቻቸውን በቡድን ለሚያስገቡ ድርጅቶች ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ጤነኛውም ሕመምተኛውም አብሮ ስለሚገባ የአንዱ ወጪ በሌላው ዓረቦን (ለመድኑ በሚከፈለው ገንዘብ) ይካካሳል፣ ብቻውን መጥቶ መድን የሚጠይቅ ሰው ግን ሕመሙን አውቆ የመጣ ሊሆን ይችላል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ለግለሰብ የሚቀርበው ውል ብዙውን ጊዜ ከሕይወት መድን ጋር የተያያዘ ወይም ዓረቦኑ ከበድ ያለ ነው። እንዲህ ያለ ውል ካገኙ ከመፈረምዎ በፊት የዓመቱን የሽፋን ጣሪያ፣ ሽፋኑ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚጀምር፣ ቀድሞ የነበረ ሕመም ይካተት እንደሆነ፣ በድሬዳዋ የትኞቹ የሕክምና ተቋማት እንደሚቀበሉት በጽሑፍ ይጠይቁ። ስለ ጤንነትዎ የሚቀርብልዎትን መጠይቅም በእውነት ይሙሉ፤ በመድን ረገድ ዛሬም በሥራ ላይ ያለው የ1952ቱ የንግድ ሕግ፣ የሚያውቀውን ነገር ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ሊፈርስበት እንደሚችል ይደነግጋል።

ለእርስዎ የሚያዋጣው ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑን በራስዎ ስም መያዝ ነው የሚል እምነት አለን። ይህ መድን የተዘረጋው ለገጠር ነዋሪዎችና በከተማ መደበኛ ባልሆነው ዘርፍ ለሚተዳደሩ ሰዎች ሲሆን፣ የጽሕፈት ቤት ከፍታ ራሷን የምታስተዳድር ወጣት ከእነዚህ ጎራ ናት። የነዋሪነት መታወቂያዎንና ፎቶግራፍዎን ይዘው ወደሚኖሩበት ቀበሌ በመሄድ የዓመቱ ምዝገባና እድሳት የሚካሄድበትን ወቅት፣ ክፍያው እንደተፈጸመ አገልግሎቱ ወዲያውኑ ይጀምር እንደሆነም ይጠይቁ። ሐዘን ቤቱ ከገባ በኋላ እድር ልመዝገብ ቢል ማንም እንደማይቀበለው ሁሉ፣ እዚህም የምዝገባው ወቅት ካለፈ በኋላ የታመመ ሰው የሚቀጥለውን ዓመት ለመጠበቅ ይገደዳል። መዋጮው በቤተሰብ ስለሚታሰብ ብቻውን የሚኖር ወጣት ስድስት ልጆች ካሉት አባወራ ጋር ተቀራራቢ ገንዘብ መክፈሉ ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ ቅሬታው ተገቢ ነው። ሆኖም የዓመቱ መዋጮ ከአንድ ከባድ ሕመም ወጪ ጋር ሲነጻጸር አሁንም ቀላል ነው።

ደብተሩ በእጅዎ ቢኖር ኖሮ እንኳ ያ የግል ክሊኒክ ያስከፈለዎትን ገንዘብ መድኑ አይመልስልዎትም ነበር። መድኑ የሚከፍለው ውል ለገባባቸው ተቋማት ሲሆን እነዚህም በአብዛኛው የመንግሥት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ናቸው። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ የሪፈር ወረቀት ይዘው ወደ ሳቢያን ወይም ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሕመሙ የባሰ እንደሆነም ሐረር ወደሚገኘው ሕይወት ፋና ሊላኩ ይችላሉ። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ግን ወጪውን ወደ እርስዎ ኪስ ይመልሰዋል። የዓይን መነጽር፣ ለውበት የሚደረግ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈኑም። አባላትን ከሁሉ በላይ የሚያስመርረው የመድኃኒት እጥረት ነው፤ መድኃኒቱ በተቋሙ ባለመኖሩ ከውጭ የሚገዙ ከሆነ «የለም» የሚለውን ማኅተም በማዘዣው ላይ አስደርገው ደረሰኙን ያስቀምጡ፣ ገንዘቡ የሚመለስበት አሠራር መኖሩንም መድኑን ከሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። በ2006 ደንጊ፣ በ2011 ማብቂያ ደግሞ ቺኩንጉንያ የተባለው ተመሳሳይ ትኩሳት በተከሰተባት ድሬዳዋ ትኩሳት በተነሳ ቁጥር ወደ ቅርቡ የግል ክሊኒክ መሮጥ የተለመደ በመሆኑ፣ በአቅራቢያዎ ያለውን ጤና ጣቢያ ጤነኛ ሳሉ አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል።

እስኪመዘገቡም ድረስ ክትባት፣ የወሊድ አገልግሎት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። በባጃጅ በተጨናነቀች ከተማ ስለሚኖሩ ይህንንም እንጨምር፦ የሦስተኛ ወገን የተሽከርካሪ መድንን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 799/2005፣ የትራፊክ አደጋ የደረሰበት ማንኛውም ሰው እስከ ተወሰነ የገንዘብ መጠን የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል።

ጥያቄ፦ ሐረር በሚገኝ የግል ድርጅት እሠራለሁ። ድርጅቱ የቡድን የሕክምና መድን ገብቶልናል። ሥራዬን ብለቅ ሽፋኑ ይቀጥልልኛል?

መልስ፦ ውሉ የተገባው በድርጅቱና በመድን ሰጪው መካከል በመሆኑ፣ ስምዎ ከሠራተኞች ዝርዝር ሲወጣ ሽፋኑም በአብዛኛው አብሮ ይቋረጣል። ለደመወዝተኞች የታሰበው ማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ቢታወጅም አፈጻጸሙ ለዓመታት ሲጓተት ስለቆየ፣ ክፍተቱን ይሞላልኛል ብለው እንዳይተማመኑበት። ወደ ግል ሥራ የሚሸጋገሩ ከሆነ ከላይ ለድሬዳዋዋ አንባቢ የተጻፈው ለእርስዎም ይሠራል። በእጅዎ ያሉትን ያልተከፈሉ የሕክምና ደረሰኞች ግን ክሊራንስ ከመውሰድዎ በፊት ለሰው ኃይል ክፍሉ አስረክበው ፊርማ ይቀበሉ።