ስለ ሊንከር ጠይቁ፦ የጅማ ፕሮግራመሮች ጥያቄና መልስ

መልስ፦ እንደምን አመሻችሁ። ሊንከር ማለት ኮምፓይል የሆኑ ፋይሎችንና ላይብረሪዎችን አገናኝቶ አንድ ፕሮግራም የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ዛሬ በሊነክስ ላይ፣ ጂሲሲ በሚባለው ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚቀይረው) ስለምንሠራው ብቻ ነው። የጻፋችሁትን ትዕዛዝና የወጣውን ኤረር ሙሉውን አስቀምጡ።

ጥያቄ (ከኪቶ ፉርዲሳ)፦ ጋሼ፣ «ጂሲሲ ሰረዝ ኤልኤም ሒሳብ ዶት ሲ» ብዬ ስጽፍ «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ ቱ ፓው» (ፓው የተባለው የሒሳብ ፈንክሽን አልተገኘም) ይለኛል። ፓውን የሚያስተዋውቀውን ሄደር ፋይል እኮ አስገብቻለሁ።

መልስ፦ ትዕዛዙን ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። ሄደር የሚያየው ኮምፓይለሩ ነው፤ ይህ ግን የሊንከር ኤረር ነው። ሊንከሩ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። ዶት ኤ ላይብረሪ (ስታቲክ፣ ኮዱ ፕሮግራሙ ውስጥ የሚገለበጥ) ላይ ሲደርስ እስከዚያ ተፈልገው ያልተገኙትን ስሞች ብቻ አውጥቶ ያልፋል፤ ወደ ኋላ አይመለስም። አንቺ የሒሳብ ላይብረሪውን (ሰረዝ ኤልኤምን) ስታስቀድሚ ገና ማንም ፓውን አልጠየቀም። ዶት ኤስኦም (ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚጫን የጋራ ላይብረሪ) ቢሆን ኡቡንቱ የተባለው ሊነክስ ከ11.10 ቨርዥን ጀምሮ «አዝ ኒድድ» የሚለውን ምርጫ ራሱ ስለሚያበራ፣ ያልተፈለገ ላይብረሪ ይጣላል። ያው ትዕዛዝ ሌላ ሊነክስ ላይ ሠርቶ አንቺ ጋ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ሰረዝ ኤልኤምን መጨረሻ ላይ አድርጊው። ሁለት ዶት ኤ ላይብረሪዎች እርስ በርስ ከተጠራሩ ደግሞ «ስታርት ግሩፕ» እና «ኤንድ ግሩፕ» በሚሉት ምርጫዎች መካከል አስገቢያቸው፤ ሊንከሩ የቀረ ስም እስኪያጣ ይመላለስባቸዋል።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሜ አልሠራ አለ፣ ሊንከሩ ይሆን?

መልስ፦ ትዕዛዙስ? ኤረሩስ?

ጥያቄ (ከአጋሮ)፦ የእሸት ቡና ኪሎ መመዝገቢያ በኡቡንቱ 22.04 ሠርቼ፣ ማጠቢያ ጣቢያው ያለው 20.04 ላይ ዋናውን የሲ ላይብረሪ «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» አለኝ።

አባል፦ ላይብረሪዎቹን ሁሉ ፕሮግራሙ ውስጥ ከተህ ስታቲክ አድርገውና ተገላገል።

ሌላ አባል፦ ፋይሉ ይከብዳል፣ በዚህ ኢንተርኔት ማን ያወርደዋል?

አባል፦ በፍላሽ ይወሰዳላ! ከጅማ አጋሮ ሩቅ ነው እንዴ?

ሌላ አባል፦ ነገ ሲታረምስ? በየጊዜው ፍላሽ ይዞ ሊመላለስ ነው?

መልስ፦ መንገዱን ተዉትና ስሙ። 22.04 ያለው ጂሊብሲ 2.35 ነው፣ 20.04 ያለው 2.31። አሮጌው ላይ የተሠራ አዲሱ ላይ ይሄዳል፤ ተገላቢጦሹ ግን አይሆንም። ስለዚህ 20.04 ላይ ሥራው፣ ዶከር (ሌላ ሊነክስን ማሽንህ ላይ ለብቻው የሚያስኬድ መሣሪያ) ካለህ በዚያው። ስታቲክ የሚያዋጣህ ፕሮግራሙ ኔትወርክ ካልነካ ነው። የሰርቨር አድራሻ የሚፈልገውን «ጌት አድር ኢንፎ»ን ከጠራ ስታቲክ ሆኖም ያንኑ የጂሊብሲ ቨርዥን ይፈልጋል፤ ሊንከሩ ራሱ ያስጠነቅቅሃል። ማስጠንቀቂያውን አንብበው።

ጥያቄ፦ በትልቁ ኤል (ሰረዝ ኤል በሚለው ምርጫ) ላይብረሪው ያለበትን ፎልደር ሰጥቼ ሊንክ ሆነ፤ ሲነሳ ግን ላይብረሪውን አጣሁት ይላል።

መልስ፦ ትልቁ ኤል ለሊንክ ጊዜ ብቻ ነው። ሲነሳ እንዲያገኘው «አርፓዝ» (ፕሮግራሙ ውስጥ የሚጻፍ የላይብረሪ መፈለጊያ መንገድ) ስጠው፤ ላይብረሪው ከፕሮግራሙ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ከሆነ «ዶላር ኦሪጅን» (ፕሮግራሙ ያለበት ፎልደር ማለት ነው) በል። በነጠላ ጥቅስ ክተተው፣ አለዚያ ትዕዛዝ ተቀባዩ ሼል ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ሞልድ የሚባለውን ሊንከር ልጠቀም?

መልስ፦ ፈጣን ነው። ሊንኩ ካላስቸገረህ ተወው።

ጥያቄ፦ ብዙ ሥራ ጎን ለጎን የሚያስኬደው የፒትሬድ ላይብረሪስ ከፋይሉ በፊት ነው የሚጻፈው?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል፤ ከኋላ! ጂሊብሲ 2.34 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ፒትሬድ ዋናው ላይብረሪ ውስጥ ስለገባ፣ ባትጽፈውም ሊንክ ይሆናል።