ነፋስ የነቀለው ጣሪያ፦ ወጪው የማን ነው?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ግቢ ውስጥ ያለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ሰኔ መግቢያ ላይ ማታ ከሐይቁ በኩል የመጣ ነፋስ ከጣሪያው ስድስት ቆርቆሮ ገንጥሎ ወሰደ። አንዱ ጎረቤት ግቢ የቆመ ባጃጅ ላይ ወድቆ መስታወቱን ሰበረ። ወዲያው ዝናብ ስለገባ ፍራሽና ቴሌቪዥን ተበላሸብኝ። ለአከራዬ በዚያው ሌሊት ደወልኩ። «የእግዜር ነፋስ ነው፣ እኔ ምን ላድርግህ? ደግሞ ውሉ ጥገና በተከራይ ይላል» አሉኝ። አንድ ሳምንት ሸራ ወጥረን ቆየን፤ ከዚያ አናጢ ጠርቼ በራሴ ገንዘብ አሠራሁ። ወጪውን ከኪራይ ልቀንስ ስል «ቤቱን ልቀቅ» አሉ። ባለ ባጃጁም እኔን ነው የያዘኝ። ጣሪያው እንደሚያፈስ ሚያዝያ ላይ ነግሬያቸው ነበር። እሳቸው ግን «ከሁለት ዓመት በፊት በአዲስ ያሠራሁት ነው» ይላሉ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የጣሪያው ወጪ የአከራይዎ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ክርክር አይኖርም። የሚያከራክረው ፍራሹና ቴሌቪዥኑ ነው።

መጀመሪያ ውሉን እንይ። «ጥገና በተከራይ» የሚለው ሐረግ በየኪራይ ውሉ ላይ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከሌላ ውል የተገለበጠ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ኪራይ በሚናገርበት ክፍል በተከራይ ላይ የሚጥለው ጥገና በቤቱ ሲገለገል የሚመጣውን ትናንሹን ነው፦ የተሰበረ መስታወት፣ የላላ ማጠፊያ፣ የተበላሸ ቁልፍ፣ የወለል ጥገና፣ የቧንቧ መክፈቻ። ቤቱን ቤት የሚያሰኘው፣ ግድግዳውና ጣሪያው፣ የባለቤቱ ነው። ውሉ በግልጽ «ጣሪያውንም ተከራይ ያድሳል» ቢል ኖሮ ሌላ ነገር እናወራ ነበር። እርስዎ የላኩልኝ ቃል ግን ያን አይልም።

አሁን «የእግዜር ነፋስ» ወደሚለው እንምጣ። አከራይዎ ይህን ሲሉ ራሳቸውን ያወጡ መስሏቸዋል። ነገር ግን በሕጉ ተከራይ ላይ የሚጣለው ትንሹ ጥገና እንኳ ምክንያቱ እርጅና ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ከሆነ ከተከራዩ ላይ ይነሳል። ስለዚህ ነፋሱ የእግዜር ከሆነ እርስዎ አይከፍሉም። ነፋሱ የእግዜር ካልሆነና ጣሪያው ደካማ ከነበረም አይከፍሉም። በየትም በኩል ቢሄዱ የቆርቆሮው ሂሳብ እሳቸው ዘንድ ይደርሳል።

ነፋሱ ለውጥ የሚያመጣው ካሳ ላይ ነው። በሕጉ አንቀጽ 1792 መሠረት ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው ባለዕዳው በተለመደ ሁኔታ ሊያስበው የማይችለው፣ ግዴታውንም እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚያግደው ነገር ነው። አንቀጽ 1793 የመሬት መንቀጥቀጥን፣ መብረቅንና ጎርፍን በምሳሌነት ይጠቅሳል። እንግዲህ ሐይቅ ዳር ቤት ያለው ሰው ክረምት ሲገባ ነፋስ ዝናቡን ቀድሞ እንደሚመጣ አላውቅም ነበር ቢል ዳኛውም ፈገግ ይላሉ። በየዓመቱ የሚመጣ ነገር ያልታሰበ አይባልም። እርግጥ ነፋስም ከነፋስ ይለያል። የዚያን ሌሊቱ ሰፈሩን ሁሉ ጣሪያ አልባ ያደረገ፣ ትልልቅ ዛፍ ከሥሩ የነቀለ ከሆነ የአከራይዎ ክርክር ጉልበት ያገኛል። የግራና የቀኙ ቤት ቆሞ አድሮ የእርስዎ ብቻ ከተነቀለ ግን ጥፋቱ ጣሪያው ላይ ነው።

ስለዚህ የወደቁት ቆርቆሮዎች አሁንም ግቢ ውስጥ ካሉ ለቁራሌው እንዳይሸጧቸው። ማስረጃዎ እነሱ ናቸው። አንዱን አንስተው የሚስማሩን ቀዳዳ ይዩ። ቀዳዳው ዙሪያውን ዝጎ፣ ሰፍቶ፣ የሚስማሩ ራስ ሊያልፍበት የደረሰ ከሆነ ያ ቆርቆሮ በአንድ ሌሊት አልተነቀለም፤ ወራት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ከርሟል። ቀጥሎ ሚስማሩ የተመታው የት እንደሆነ ይመልከቱ፦ የቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው ወይስ ውሃ የሚወርድበት ጎድጓዳው ላይ? ጎድጓዳው ላይ ከሆነ ውሃ በቀዳዳው እየገባ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። የበሰበሰ እንጨት ደግሞ ሚስማር አይዝም። ነፋስ ጣሪያ የሚያነሳው ከጠርዝና ከማዕዘን ጀምሮ ነው። ሥራውን የሚያውቅ አናጢ ዳር ዳሩን ሚስማር የሚያበዛው ለዚህ ነው። የእርስዎ ዳር ላይ ስንት ተመቶ ነበር? ይቁጠሩት፣ ፎቶ ያንሱት።

ጣሪያውን የሠራልዎ አናጢ ይህን ሁሉ በዓይኑ አይቷል። ግማሽ ገጽ ያጽፉት። ምን አገኘ፣ ምን ቀየረ፣ ስንት ቆርቆሮ፣ ስንት ጌጅ፣ ስንት ኪሎ ሚስማር፣ የእጁ ዋጋ ስንት፤ ይፈርምበት። የሱቁን ደረሰኝ አያይዙበት። በዚያ ሌሊት ቆርቆሮው ሲወድቅ የሰሙ ጎረቤቶች ካሉም ስማቸውን ከአሁኑ ይያዙ።

የተበላሸውን ንብረት ሁለት ቦታ ይክፈሉት። በመጀመሪያው ሌሊት የራሰው አንድ ነው። ለዚህ ካሳ ለማግኘት ጣሪያው ደካማ እንደነበርና አከራይዎም እንደሚያውቁ ማሳየት አለብዎት። ሚያዝያ ላይ መንገርዎ ወርቅ የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው። በስልክ ነበር? በቴሌግራም ጽፈውላቸው ነበር? የሰማ ሰው ነበር? ሁለተኛው ደግሞ ደውለውላቸው እምቢ ካሉ በኋላ በዚያ ሳምንት ውስጥ የተበላሸው ነው። ይህኛው ይቀላል፤ ምክንያቱም እያወቁ ነው የተዉት። ግን አንድ ነገር ይጠብቃል፦ ሕጉ ከእርስዎም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማትረፍ እየቻሉ የተዉትን ዕቃ ዋጋ ፍርድ ቤት አያስከፍልልዎትም። ሸራ መወጠርዎ ጥሩ ነው፤ የሸራውንም ዋጋ ይጨምሩበት።

በአንቀጽ 1772 መሠረት ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ ለመጠየቅ በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። አንቀጽ 1773 ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ወይም ፍላጎትን በሚያሳይ በሌላ መንገድ ሊሆን ይችላል ይላል። ስለዚህ የስልክ ጥሪው ከንቱ አይደለም። ችግሩ «አልደወለልኝም» ካሉ ነው። ስልክዎ ላይ ያለውን የጥሪ ሰዓት አሁኑኑ ፎቶ ያንሱና ይህን የመሰለ ደብዳቤ ይጻፉ፦

«ሰኔ … ቀን ሌሊት የቤቱ ጣሪያ በነፋስ ተነቅሎ በዕለቱ በስልክ አሳውቄዎታለሁ። ጣሪያው እንደሚያፈስ ሚያዝያ ወር ላይም ነግሬዎት ነበር። ስላላሠሩልኝ … ብር አውጥቼ አሠርቻለሁ። ይህን ወጪና የተበላሸብኝን ንብረት ዋጋ … ብር በ15 ቀን ውስጥ እንዲከፍሉኝ፣ ወይም ከኪራዩ እንዲቀነስ በጽሑፍ እንዲስማሙ አስጠነቅቃለሁ።»

በሁለት ቅጂ ያድርጉትና አንዱ ላይ ያስፈርሙ። አልፈርምም ካሉ ሁለት እማኝ ይዘው ይሂዱና እማኞቹ ደብዳቤው መሰጠቱን ጽፈው ይፈርሙ። ሽማግሌ መላክም ይችላሉ፤ በእኛ አገር ከፍርድ ቤት በፊት ብዙ ነገር የሚፈታው እዚያ ነው። ብቻ የተስማሙትን ይጻፉት።

ኪራዩን ግን በራስዎ ፈቃድ አይቀንሱ። ብዙ ተከራይ ተሸናፊ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አንቀጽ 1777 ባለዕዳው ያልሠራውን ሥራ ሌላው በባለዕዳው ወጪ እንዲያሠራ ሊፈቀድለት እንደሚችል ይናገራል፤ ፈቃዱ የሚጠየቀው ደግሞ ከፍርድ ቤት ነው። እርስዎ አስቀድመው አሠሩ። ልጆች ይዘህ ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ ሆነህ ፈቃድ ጠብቅ የሚል ዳኛ ይኖራል ብዬ አላስብም። ሆኖም ገንዘቡ የሚገባዎት መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ኪራይ ማስቀረት ሌላ። ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ አከራዩ ሲፈልገው የነበረውን ምክንያት በእጁ ይሰጠዋል። ሙሉውን በባንክ ይክፈሉ፤ ማስታወሻው ላይ «የጣሪያ ወጪ ጥያቄዬ እንደተጠበቀ ሆኖ» ብለው ይጻፉበት።

«ልቀቅ» ለሚለው፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ዘመኑንም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አድርጓል። በየክልሉ አዋጁ የሚሠራባቸውን ከተሞች የሚወስነው ክልሉ ነው። ውልዎን ይዘው ክፍለ ከተማው ጋ ይጠይቁ። ያም ሆነ ይህ በቃል «ውጣ» ስለተባለ የሚወጣ ሰው የለም።

ባለ ባጃጁ የሳተው ተጠያቂውን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ ነው ይላል። ባለቤቱ እርስዎ አይደሉም። በትህትና ወደ አከራይዎ ይምሯቸው፤ የመጠየቂያው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት እንደሆነም ይንገሯቸው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት፦ ቆርቆሮው እንዳይነሳ ብለው ጣሪያው ላይ ድንጋይ ወይም አሮጌ ጎማ ጭነው ነበር? ዲሽስ አለ? ከቤት ላይ ለሚወድቅ ዕቃ በቤቱ የሚኖረው ሰው ነው የሚጠየቀው። ባጃጁን የመታው ቆርቆሮው ሳይሆን ድንጋዩ ከሆነ ነገሩ ወደ እርስዎ ይዞራል። አሁንም ላይ ድንጋይ ካለ ያውርዱት። ሚስማር የያዘው ጣሪያ ድንጋይ አይፈልግም፤ ያልያዘውን ደግሞ ድንጋይ አያድነውም።

የመጨረሻው፣ «ከሁለት ዓመት በፊት ያሠራሁት ነው» የሚለው ነው። ይህ እርስዎን አይጎዳም፤ እንዲያውም አከራይዎን ይጠቅማቸው ነበር። አንቀጽ 3039 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ተቋራጭ ሥራው በደንብ መሠራቱንና ጥንካሬውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል። ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ በአዲስ ያለበሰው ሰው ሥራው በሁለት ዓመቱ ከተነቀለ፣ ለዚያውም ሚስማሩ በማይገባ ቦታ ተመቶ ከተገኘ፣ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። ለአከራይዎ ይህን ይንገሯቸው፤ የቆርቆሮውን ፎቶም ያሳዩዋቸው። ለእርስዎ የከፈሉትንም፣ ለባለ ባጃጁ የሚከፍሉትንም ከእሱ መጠየቅ ይችላሉ፤ የዚያን ጊዜውን ውልና ደረሰኝ ካልጣሉት።