ስለ ቤት ሥራው ጥያቄ፦ ወረቀቱን ከመምህሩ ጀምሩት

ሰላም የግሩፑ ቤተሰቦች። ትናንት አንዲት እህታችን ከምዕራብ ጎጃም የለጠፈችውን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። ላላያችሁት በአጭሩ፦ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በሚያስተምር ትምህርት ቤት አዲስ የተመደበች ምክትል ርእሰ መምህር ናት። ከተማሪው ግማሽ ያህሉ የቤት ሥራ ሳይሠራ ይመጣል። መምህራኑ ወላጅን ይወቅሳሉ፣ ወላጅ ደግሞ «ማስተማር የእናንተ ሥራ ነው» ይላል። ስለዚህ ከተማሪ፣ ከወላጅና ከመምህር የሚጠበቀውን በአንድ ገጽ አስፍራ ለወላጅ ስብሰባ ልታቀርብ አስባለች። ምን ምን ይግባበት? የቤት ሥራውስ ምን ያህል ጊዜ የሚወስድ ይሁን? ሳይሠራ የመጣ ልጅስ ከክፍል ይውጣ ወይ? ነው ጥያቄዋ።

እኔ ጮቄ ተራራ ሥር ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ጀምሬ አሁን ደብረ ማርቆስ የማስተምር የሒሳብ መምህር ነኝ። ነገሩ ስለሚያንገበግበኝ ይረዝምብኛል፣ ታገሡኝ።

እህቴ፣ ወረቀቱን ከመምህሩ ጀምሪው። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲዘጋጅ የተማሪው ግዴታ ገጹን ይሞላዋል፣ የወላጅ ይከተላል፣ የመምህሩ መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር ያልቃል። እኔ በክፍል ውስጥ ያየሁት ግን ልጅ የቤት ሥራ የሚተወው በአብዛኛው እንደማይታይለት ስለሚያውቅ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ጊዜ አይፈጅበትም። መስከረም ላይ ሁሉም ሠርቶ ይመጣል፣ መምህሩ «ትናንት የሰጠኋችሁን ሠራችሁ?» ብሎ «አዎ!» ሲሉት ወደ አዲሱ ርእስ ይገባል፣ ጥቅምት ላይ የሚሠሩት የፊት ወንበር ልጆች ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ከደወል በፊት የአንዷ ጎበዝ ደብተር ክፍሉን ይዞራል። ያ መቅዳት እንጂ የቤት ሥራ አይደለም።

አዎ፣ ስልሳና ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የሁሉንም ደብተር ማረም አይቻልም። ይህን ማንም መምህር አይክደውም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሰጠውን መቀነስ ነው። እኔ ሦስት ጥያቄ እሰጣለሁ፣ አንዳንዴ ሁለት። አስር ጥያቄ ሰጥቶ ምንም ከማያርም መምህር፣ ሁለት ሰጥቶ ሁለቱንም የሚያይ ይሻላል። ደብተር ደግሞ በተራ እሰበስባለሁ፦ ዛሬ የመስኮቱን ረድፍ፣ ነገ የመሀሉን። ማን መቼ እንደሚጠራ ስለማያውቁ ሁሉም ይዘጋጃል። ስታይ ግን እይ! ሳያነቡ ገጹን ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ራይት አድርጎ «ታይቷል» ብሎ መፈረም ካለማየት ይብሳል፣ ምክንያቱም ልጁ ስህተቱን ልክ ነው ብሎ ይዞት ይቀራል።

መቅዳቱን ያስቀረልኝ ሌላ ነገር ነው። የቤት ሥራውን ደብተር በማየት ብቻ ነጥብ አልሰጥም። በማግስቱ ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱን ቁጥሩን ቀይሬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ አምስት ደቂቃ፣ በቁራጭ ወረቀት። ለተከታታይ ምዘና የምይዘው እሱን ነው። ራሱ የሞከረ ልጅ ተሳስቶም ቢሆን ይሠራዋል፣ የቀዳው ግን ከየት እንደሚጀምር ይጠፋዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጎበዟ ልጅ ደብተሯን ስትጠየቅ «ና ላሳይህ» ማለት ጀመረች። እኔ የምፈልገውም ይህን ነበር።

ለመምህራኑ ሁለት ነገር ጨምሪበት። አንደኛ፣ ደወል ከተደወለ በኋላ በር ላይ ሆኖ «ገጽ እንዲህ፣ ከ1 እስከ 10 ሥሩ» የሚባለው ይቅር። ከማለቁ በፊት አምስት ደቂቃ ተይዞ የመጀመሪያውን ጥያቄ ክፍል ውስጥ አብረው ይጀምሩት። ያልተማሩትን የቤት ሥራ አድርጎ መስጠት ደግሞ ጭራሽ አይገባም። ሁለተኛ፣ መምህራን ይነጋገሩ። ሒሳቡም፣ አማርኛውም፣ እንግሊዝኛውም፣ ሳይንሱም በአንድ ቀን ሲሰጡ ልጁ የትኛውንም አይሠራም። እኛ ጋ መፍትሔው ቀላል ሆኗል፦ የሰሌዳው ቀኝ ጥግ በኖራ ተከልሎ የቀኑ የቤት ሥራ እዚያ ይጻፋል፣ አይጠፋም። ሁለት ትምህርት ከተጻፈ ሦስተኛው መምህር ለነገ ያሳድራል። የክፍል ኃላፊው ይህን ይከታተል።

ስለ ጊዜው መጠን ለጠየቅሽው፣ በውጭ አገር መምህራን ዘንድ የቆየ ልማድ አለ፦ ለእያንዳንዱ የክፍል ደረጃ 10 ደቂቃ እየጨመሩ መስጠት። 3ኛ ክፍል 30፣ 6ኛ ክፍል 60 ደቂቃ፣ የሁሉም ትምህርት ተደምሮ። በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ስለ ቤት ሥራ ብዙ ያጠኑት ሀሪስ ኩፐርም ይደግፉታል። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት የጥናቶች ዳሰሳ የቤት ሥራና የተማሪ ውጤት ጎልቶ የተገናኘው ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉት ላይ ነው፣ በታችኞቹ ክፍሎች ግንኙነቱ ደካማ ነበር። እኔ ለእኛ ሀገር ከዚያም እቀንሰዋለሁ። 1ኛና 2ኛ ክፍል ከንባብ ሌላ ምንም አይሰጣቸው።

ለምን እቀንሳለሁ? የእኛ ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ የሚሄድበትን ታውቂዋለሽ። ወንዱን ከብት ይጠብቀዋል፣ ሴቷን ጀሪካንና ታናሽ ወንድሟ። የከሰዓት ፈረቃ ልጅ ቤቱ ሲደርስ ጀንበር ጠልቃለች፣ ገጠር ከሆነ ኩራዝ ነው፣ ከተማም ቢሆን መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ለከሰዓት ፈረቃ የቤት ሥራው የሚሠራው በማግስቱ ጠዋት መሆኑን ወረቀቱ ላይ ጻፉት፣ ወላጅም ያን ሰዓት ይተውለት። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፣ ያኔ ብዙ መስጠት ልጁን ከአባቱ ጋር ማጣላት ነው።

እዚህ ላይ ማንም ሲጠቀምበት የማላየው ነገር አለ። በእኛ አካባቢ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በባለእግዚአብሔር አይታረስም፣ አይታጨድም። በ12፣ በ21፣ በ29 ልጁ ትምህርት ውሎ ሲመለስ የእርሻ ሥራ አይጠብቀውም፣ አባትም እቤት ነው። ረዘም ያለውን የቤት ሥራ ለእነዚያ ቀናት አድርጉት። ገጠር ሳለሁ እንዲህ ሳደርግ ሠርቶ የሚመጣው ልጅ በግልጽ ይጨምር ነበር። ቅዳሜን ግን ገበያ ከሆነ እርሱት።

ወደ ወላጅ ልምጣ። «ወላጅ ልጁን ያስጠና» ብላችሁ አትጻፉ። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ይህ ከስብሰባው አንገቱን ደፍቶ እንዲወጣ ማድረግ ነው፣ ሁለተኛም አይመጣም። ማድረግ የሚችለውን ጠይቁት። ገጠር ሳስተምር የማውቃቸው አንዲት እናት ነበሩ፣ ማንበብ አይችሉም። ልጃቸው 3ኛ ክፍል ነበር። ማታ እንጀራ ሲጋግሩ ከምጣዱ አጠገብ ያስቀምጡትና በእሳቱ ብርሃን ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ሲንተባተብ «ድገመው» ይሉታል። ሲደግመው አፉ ላይ ከቀና «ቀጥል»። አረፍተ ነገሩ ትርጉም ካልሰጣቸው ደግሞ «ምን ማለት ነው እሱ?» ብለው ይይዙታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ቃል ዘሎ ነው የሚገኘው። እኔ ክፍል ውስጥ ለሰባ ልጅ ላደርገው ያልቻልኩትን እሳቸው ሊጥ እያፈሰሱ ያደርጉት ነበር። ያ ልጅ ከክፍሉ ጎበዝ አንባቢ ወጣ።

ከተማ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የተማረ አባት የቤት ሥራውን ራሱ ይሠራዋል። አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ ሦስት አራተኛ ሲደመር አንድ ስድስተኛን እንዲሠራ ሰጥቼው፣ ደብተሩ ላይ ታህቱ ወደ 12 ተቀይሮ 11/12 ተብሎ ጥርት ብሎ መጣ። እሰየው ብዬ ወደ ሰሌዳ ጠራሁት። የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደምሮ 4/10 ብሎ ጻፈና ጠመኔውን ይዞ አየኝ። ልጁ ምንም አላጠፋም፣ አባትም ክፋት የለባቸውም፣ ግን እኔ ያንን 4/10 ደብተሩ ላይ ባየው ኖሮ ምን እንዳልገባው በማግስቱ አውቅ ነበር። ስለዚህ ለወላጅ በግልጽ ንገሩ፦ የተሳሳተ የቤት ሥራ ለመምህሩ ይጠቅመዋል፣ አትሥሩለት።

ወረቀቱ ላይ ከወላጅ የምትጠይቁት ይሄ ይበቃል ባይ ነኝ፦ ቀን ሳይመሽ ግማሽ ሰዓት ከሥራ ነፃ ያድርጉት፣ «ዛሬ ምን ተሰጣችሁ?» ብለው ይጠይቁት፣ ሠርቶ ሲጨርስ ደብተሩን ገልጦ ያሳያቸው፣ ያቃተው ነገር ካለ በልጁ ይላኩብን። ስለ ሴት ልጆች ግን ለብቻው ተናገሪ፣ እባክሽ። ወንድሟ ከብት አስገብቶ ሲያርፍ እሷ ወጥ ትሠራለች፣ እግር ታጥባለች፣ ደብተር የምትይዘው ሁሉም ሲተኛ ነው። ስብሰባ ላይ አባቶች ባሉበት «የእሷም ግማሽ ሰዓት ይቆጠር» ተብሎ በአንደበት መነገር አለበት፣ በወረቀት ብቻ አይሰሙትም።

የግል ትምህርት ቤቶችም አላችሁና፣ በቴሌግራም «ነገ በካርቶን ሞዴል ሠርታችሁ ኑ»፣ «ከኢንተርኔት አውጥታችሁ ፕሪንት አስደርጉ» የሚባለውን ተዉት። ያ ለእናትየው የተሰጠ የቤት ሥራ ነው፣ ገንዘብ ለሌላት ደግሞ ሰቀቀን ነው። ሁለተኛ ደረጃ የምታስተምሩም አስቡበት፣ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ሊያመጣ በእግሩ ይሄዳል፣ እሑድ ማታ እንጀራውን ተሸክሞ ይመለሳል። የቅዳሜና እሑድ የቤት ሥራ ክምር እሱን አያውቀውም።

ተማሪውስ? ከእሱ የምፈልገው ትንሽ ነው፣ ግን አልለቅም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ራሱ ይሞክር። ካቃተው የደረሰበት ድረስ ጽፎ «ከዚህ በኋላ አልገባኝም» ይበል። ይህን የጻፈ ልጅ እኔ ጋ እንደ ሠራ ይቆጠራል። ባዶ ገጽ ግን አይቆጠርም። መጀመሪያ ላይ ሁሉም «አልገባኝም» ይልብኛል ብላችሁ ትሰጋላችሁ፣ «የት ጋ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ያልሞከረው ወዲያው ይታወቃል።

ደግሞ ሁሉም የቤት ሥራ በጽሑፍ መሆን የለበትም። እኛ ጎጃሞች ይህን ልንረሳ አይገባም። አብነት ትምህርት ቤት ማታ ማታ፣ መብራት በሌለበት፣ የሚሰጠው የቃል ትምህርት ነው። የቅኔ ተማሪ ደግሞ፣ የዋሸራ ቅኔ ቤትም ይሁን የጎንጅ፣ ቆጠራ ወጥቶ ብቻውን ያስባል፣ ተመልሶ ነገራ ገብቶ ያሰበውን ለመምህሩ ይናገራል፣ መምህሩም እዚያው ያርመዋል። ብቻ መሞከር፣ ከዚያ መሰማት፣ ከዚያ መታረም። ይህ በደጃችን እያለ የቤት ሥራ ማለት ከመጽሐፍ ወደ ደብተር መገልበጥ የመሰለን ለምን እንደሆነ አይገባኝም። የማባዣ ሠንጠረዥ ከብት እየጠበቁ በቃል ይጠናል። «አያትህን በድሮ ጊዜ እህል በምን ይሰፈር እንደነበር ጠይቀህ ና» የሚል የቤት ሥራ ብርሃንም ደብተርም አይፈልግም፣ በማግስቱ ክፍሉ ስለ ቁናና ስለ ላዳን በወሬ ይሞላል፣ መለኪያ የሚባለውን ምዕራፍ ከዚያ ትጀምሪያለሽ።

አንድ ከባድ ነገር ሳልነካ አልለፍ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ትምህርት ቤት ተዘግቶ የባከነው ጊዜ ብዙ ነው። 5ኛ ክፍል ተቀምጦ አንድ አንቀጽ ማንበብ የሚቸግረው ልጅ በየክፍሉ አለ። ይህ ልጅ የሳይንስ የቤት ሥራ ባይሠራ አትፍረዱበት፣ ጥያቄውን ማንበብ አልቻለም። ለእሱ ለብቻው ከ2ኛ ወይም ከ3ኛ ክፍል መጽሐፍ አንድ ገጽ ንባብ ስጡት፣ በማግስቱ በእረፍት አስነብቡት። በዝምታ፣ ጓደኞቹ ሳያውቁበት።

ከክፍል ይውጣ ወይ ላልሽው፣ በፍጹም አይውጣ። የቤት ሥራ አልሠራም ተብሎ የወጣ ልጅ ትምህርቱም ያመልጠዋል፣ ነገም በሩ ላይ ተመልሶ ወንዝ ዳር ይውላል። ዱላና ማንበርከክም አያሠራም። እኔ የማደርገው በእረፍት ሰዓት አንዷን ጥያቄ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እንዲሠራ ነው። በተከታታይ ሦስት ጊዜ ካልሠራ የክፍል ኃላፊው ልጁን ለብቻው ጠርቶ «ከዚህ ስትወጣ እስክትተኛ ምን ምን ትሠራለህ?» ብሎ ይጠይቀው። መልሱን ስትሰሚ ብዙ ጊዜ ለወላጅ የምትይውን እዚያው ታገኚዋለሽ።

ስብሰባውን በገበያ ቀን አታድርጊው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም በ29 ቢሆን አባቶችም ይመጣሉ። ወረቀቱን ከማባዛትሽ በፊት ደግሞ ለወላጅ መምህር ኅብረቱ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፣ ያልገባቸውን መስመር ሰርዢው። ረቂቁ ሲያልቅ እዚሁ ለጥፊልን፣ የታችኞቹን ክፍሎች የምታስተምሩም እዩላት፣ እኔ የላይኞቹን ነው ይበልጥ የማውቀው።